በስሜ የተማለበት ሳር

ለምትናፍቂኝ እህቴ ለየሺአረግ፤

የዘንድሮው ክረምት እዚህ ጎሮ መንገዱን ሁሉ ጭቃ አድርጎ ሲያሰቃየን ስለከረመ፣ እናንተን ደገኞቹንማ እንዴት አድርጓችሁ ይሆን እያልኩ በሐሳብ ከእናንተው ጋር ነበርኩ። አንቺስ እንዴት ነሽ? ጤናሽ እንዴት ነው? ያ ብርድ ሲነካሽ የሚነሣብሽ ሳል ዘንድሮ ማረሽ? ሳህሌ እንዴት ነው፣ ወገቡን ተሻለው? ብርነሽና ዘርጋው እንዴት ናቸው? ላሚቱ ወለደች? እንሰቱስ? የአገናን ሰው ሁሉ አንድ በአንድ ብጠይቅ ደስ ይለኝ ነበር፤ ወረቀቱ አይበቃኝም እንጂ።

እኛ በእግዚአብሔር ቸርነት ደህና ነን። አስፋው ያው ቦሌ ለሚ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ሲጠግን ይውላል። ማታ ሲመጣ ጆሮው ስለሚጮህበት ቀስ ብዬ ብናገረውም አይሰማኝም፣ ጮኼ ብናገረውም አይሰማኝም። ሊሊ አሥረኛ ክፍል ገባች፤ በቁመት በልጣኛለች። እኔም ጉርድ ሾላ ያለችውን የፕላስቲክ ዕቃ ሱቄን እየከፈትኩ እየዘጋሁ አለሁ። የእማዬን ጤና አልነግርሽም፤ ይሄን ደብዳቤ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ያመጣችልሽ ራሷ ስለሆነች አንቺው ታያታለሽ። ጉልበቷ ተመስገን ነው፤ አሁን ደረጃ ትወጣለች።

የሺ፣ ጮክ ብለሽ የምታነቢው እስከዚህ ድረስ ነው። እማዬ ደብዳቤ ሲነበብ ካልሰማች እህል እንደማይወርድላት ስለማውቅ ነው ይሄን ያህል ያስቀደምኩላት። ከዚህ በታች ያለውን ግን ለብቻሽ አንብቢው፤ ከብት ልትመልሺ ስትወጪም ቢሆን። ምን ይላል ብላ ከጠየቀችሽ ስለ ሱቅ ነው በያት፤ ስለ ሱቅ ሲወራ እንቅልፏ ይመጣል። በስልክ ለምን አልነገርሽኝም እንዳትይ። አንቺ ስልክ ስታነሺ ድምፁን ለቤቱ ሁሉ ነው የምትለቂው፤ እኔ «እንዴት አደርሽ» ስልሽ ጎረቤትሽ ናት «እግዚአብሔር ይመስገን» የምትለኝ። እዚህም እማዬ ከአጠገቤ አትርቅም።

ባለፈው ሰሞን ለአስፋው ደውለሽ፣ «ጉልበቷ ከተሻላት ለመስቀል ከመጣች አይቀር እዚሁ ብትቀርስ» ማለትሽን ሰምቻለሁ። ክፉ አስበሽ እንዳላልሽው አውቃለሁ። እሱም ለእኔ መንገሩ ጥፋት አይደለም። ይሄ ደብዳቤ ለዚያ መልስ ነው። ነገሩ ሁሉ የሚጀምረው ከሳርና ከዶሮ ስለሆነ፣ ስትስቂ ይታየኛል። ሳቂ። እኔ ግን ከጥምቀት እስከ እንቁጣጣሽ ስቀናብሽ ነው የከረምኩት።

እማዬን በጥምቀት ለጉልበቷ ሕክምና ስናመጣት «ዶሮዎቼን ጥዬ አልሄድም» ብላ ሦስት ሴትና አንድ አውራ በቅርጫት ይዛ መነሣቷን፣ የሸኘሻት አንቺ ነሽና ታስታውሻለሽ። አስፋው ቅርጫቱን ከመኪና ሲያወርድ አውራው ጆሮው ሥር ጮኸበት፤ ምስኪን፣ ያንን ሰማ። እኛ ግቢ ውስጥ ደግሞ፣ ቤቱን ስንሠራ ከተረፈችው ቦታ ላይ፣ በእጄ የተከልኳት አንዲት ሳር ነበረችኝ። ከሱቅ ስገባ ጫማዬን አውልቄ ነበር የምረግጣት። የእማዬ ዶሮዎች ለሷ ሁለት ወር እንኳ አላስፈለጋቸውም። ጫሯት፣ ቆፈሯት፣ ጉድጓዱ ውስጥ ገብተው በአፈር ታጠቡባት፤ ግቢው አውድማ ሆነ። ቀን ቀን እንኳ ቤታቸው ይዋሉ ብል፣ እማዬ «ዶሮ ተዘግቶባት ታድራለች እንጂ ተዘግቶባት አትውልም» አለችኝ። እነሱም ፈለፈሉ፣ ጫጩቶቹም አደጉ፣ አቧራውም በዛ።

ይሄ ባልከፋ። የከፋኝ እማዬ አቧራውን አይታ ያለችው ነው። «የሺ ግቢ እኮ የዚህን እጥፍ ዶሮ ይርመሰመስበታል፤ ሳሩ ግን ንቅንቅ አይልም፤ የሺ ትሙት!» አለች።

የሺ ትሙት። አንቺ ከልጅነትሽ ጀምሮ ስለለመድሻት አትሰሚያትም። እኔ ግን እሰማታለሁ። ወጡ ጨው ሲያንሰው፣ የሺ ትሙት ጨው የለውም። ሌሊት ዝናብ ሲጥል፣ የሺ ትሙት ዓይኔን አልከደንኩም። ሐኪሙ መድኃኒቱን እየዋጥሽ ነው ወይ ሲላት፣ የሺ ትሙት አላቋረጥኩም። ሐኪሙ ሰልችቶት ይሁን ወዶት እንጃ፣ አንድ ቀን «እማማ፣ የሺ ማን ናት?» ብሎ ጠየቃት። እኔ ክንዷን ደግፌ አጠገቧ ቆሜያለሁ። «ልጄ ናት» አለችው፣ ፊቷ በርቶ። እኔን ማን ነሽ ብሎ አልጠየቀኝም። ሠራተኛዋ መስዬው ይሆናል።

ሰው በሚወደው ነው የሚምለው፤ ይሄን ማንም ያውቃል። አንቺን በቀን አሥር ጊዜ ትገድልሻለች፣ እኔን አንድ ቀን እንኳ ገድላኝ አታውቅም። በመሞት የሚቀና ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? እህትሽን እያት። ደግሞ አንቺ ብቻ ብትሆኚ እሺ። አንቺ ሳትወለጂ አራት ዓመት ብቸኛ ልጇ ሆኜ ኖሬያለሁ፤ ያኔ የምትምለው በወንድሟ ነበር። ከዚያ አንቺ መጣሽ፣ ኩፍኝ ያዘሽ፣ ተረፍሽ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ አጎታችን ወርዶ አንቺ ወጣሽ። ተራው እንኳ ሲደርስ እኔን ዘሎ አለፈ። ልጅ ሳለሁ «እማዬ፣ እስቲ አንዴ በእኔ ማይ» ብያት፣ «ሂጂ ወዲያ፣ መሐላ ጨዋታ ነው እንዴ» ብላ አባረረችኝ። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይላሉ፤ ዥንጉርጉሩ ላይ የእኔ ቀለም የቱ ጋ እንደሆነ ግን እስካሁን አላገኘሁትም።

ስለዚህ ያንቺን ሳር ልበልጠው ተነሣሁ። በስልክ ስጠይቅሽ «ሰርዶ ነው እኮ እንቁዬ፤ ሥሩን ነቅዬ በማዳበሪያ ከረጢት ልላክልሽ» ብለሽኝ ነበር። በሙሉ ልብሽ እንዳልሽው አውቃለሁ፤ አንቺ ክፋት አታውቂም፣ ይሄም ያናድደኛል። እማዬ በእኔ ግቢ፣ በየሺ ሳር ላይ ተቀምጣ፣ በየሺ ልትምል? «እዚህ ሸገር ላይ ከሰርዶ የተሻለ ሞልቷል» ብዬሽ ስልኩን ዘጋሁት። ኔትዎርክ መስሎሽ መልሰሽ ደወልሽ።

መጀመሪያ ጉርድ ሾላ መንገድ ዳር ካሉት ችግኝ ሻጮች ፓስፓለም የሚሉትን ሳር አመጣሁ። እንደ ሰሌን ተጠቅልሎ ነው የሚመጣው፤ መሬት ላይ ዘርግተሽ ውሃ ማጠጣት ብቻ ነው። ግቢዬ በአንድ ቀን የባለሥልጣን ግቢ መሰለ። ዶሮዎቹ ለሁለት ቀን ዳር ዳሩን ዞሩ፣ ፈሩት መሰለኝ። ከዚያ አንዷ ጠርዙን በእግሯ ገለጥ ስታደርገው ከሥሩ ትል አገኘች፤ ሌሎቹን መጥራት አላስፈለጋትም። ከሱቅ ስመለስ ሳሩ ከታጠፈበት ታጥፎ፣ ከተገለበጠበት ተገልብጦ አገኘሁት። እማዬ ደረጃው ላይ ተቀምጣ፣ «ይሄ እኮ ሳር አይደለም፣ ስጋጃ ነው» አለችኝ። በማን እንደማለች አልጽፍልሽም።

ቀጥሎ ሊሊ ስልኳ ላይ አነበብኩ ብላ ማገጥ እንዝራ አለች፤ ያ እኛ አገር ከብት የሚወደው ባለ ሦስት ቅጠሉ። ለዶሮ እጅግ ተስማሚ ነው ይላል አለችኝ። ተስማሚነቱስ እውነት ነው፤ ገና ሁለት ጣት ሳይሞላ ለቅመው ጨረሱት። ተስማሚ የተባለው ለመብላት እንደሆነ ሁለታችንም ልብ አላልንም።

ከዚያ ጎረቤታችን ሀቢባ፣ ያቺ ከአጥሩ ወዲያ ፎቅ ላይ የምትኖረው፣ ዶሮ ኃይለኛ ሽታ ያለውን ተክል አትደፍርም ብላ መከረችኝ። ጦስኝም፣ የጥብስ ቅጠልም፣ ጠጅ ሳርም ተከልኩ። እውነቷን ነው፤ አንዱንም አልበሉት። ግን ጦስኙን ከነሥሩ ጭረው አውጥተው እዚያው ጉድጓድ ውስጥ በአፈር ታጠቡ፤ እንዲያውም ከዚያ በኋላ ሽታቸው ደስ ይል ነበር። የተረፈው ድንጋይ የከበብኩለት ጠጅ ሳርና አንድ የጥብስ ቅጠል ነው። ያኔ ገባኝ፤ ጠላታችን የዶሮ አፍ አይደለም፣ እግሯ ነው። ሥር ያልያዘውን ትነቅለዋለች፣ ሥር የያዘውን ጫፉን ቀንጥባ ታልፋለች። የሚያስፈልገኝ መሬት ለመሬት የሚሄድ፣ በየአንጓው ሥር የሚሰድ፣ አንዱ ጋ ቢጫር ሌላው ጋ የሚይዝ ነገር ነው። ይሄን ሁሉ አስቤ ስጨርስ ያሰብኩት ነገር ስሙ ሰርዶ ሆኖ አረፈው።

ሰኔ ሲገባ ቆርጬ ተነሣሁ። እኛ ሰፈር ኮብልስቶኑ መገጣጠሚያ ውስጥ፣ ሲሚንቶ በተቦካበት፣ ሲኖትራክ በሚመላለስበት ሰርዶ አለ። ከሱቅ ስመለስ ሰው አየኝ አላየኝ እያልኩ አንድ ባዶ ቦታ ላይ አጎንብሼ በቢላ ቆረጥኩ፤ ፌስታል ሞላሁ። እቤት ስገባ እማዬ «ምንድን ነው?» አለችኝ። «የውጭ ሳር ነው፣ አስመጥተውልኝ ነው» አልኳት። አንዷን ሐረግ አንሥታ በጣቶቿ አሸት አሸት አደረገቻት። «ከየት አገር ነው?» አለች። ከአፌ የወጣው «ደቡብ አፍሪካ» ነው፤ ለምን ደቡብ አፍሪካ እንዳልኩ እስከ ዛሬ አላውቅም። «ይገርማል» አለችና ሐረጓን መለሰችልኝ።

ተከልኩት፣ አስፋው ዙሪያውን የዶሮ ሽቦ ወጠረልኝ፣ ሥር እስኪይዝ ድረስ ማንም ሽቦውን እንዳይነካ ብዬ አስጠነቀቅኩ። ዝናቡም አገዘኝ። በሐምሌ አጋማሽ አንድ ጠዋት ስወጣ ሽቦው በአንድ ጥግ ተጠቅልሏል፣ ዶሮዎቹ ውስጥ ናቸው፣ ያ ጥግ ደግሞ ተጭሯል። እማዬን «አንቺ ነሽ የከፈትሽው?» አልኳት።

«እንቁ ትሙት አልነካሁትም» አለችኝ።

የሺዬ፣ እንቁ ትሙት አለች። ጆሮዬን አላመንኩትም። «ምን አልሽ?» ብዬ ደገምኳት፤ «እንቁ ትሙት አልኩሽ» አለች። ከዚያ በኋላ ስለ ሽቦው የጠየቅኩት የለም። ታክሲ ውስጥ ብቻዬን ስስቅ አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ራቅ አለልኝ። የዚያን ቀን ሱቅ የመጣ ደንበኛ ሁሉ በጠየቀው ዋጋ ወሰደ። ማታ አስፋው ሳይሰማኝ ሁለት ጊዜ ነገርኩት፣ በሦስተኛው ሰማኝና «ታዲያ መሞትሽ ምኑ ያስደስታል?» አለኝ። ወንድ ምን ያውቃል። ሽቦውን የከፈተችው ሊሊ ናት ብዬ ስልኳን ቀማኋት፤ ስታለቅስም ልቤ አልራራም። እናቴ በእኔ ምላ እንዴት ሊሊን አምናለሁ?

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። በሳምንቱ ሀቢባ ሰገነቷ ላይ ልብስ እያሰጣች፣ «እናትሽን እንዴት እንደምወዳቸው! እናንተ ስትወጡ ጠብቀው ሽቦውን ያነሡና ዶሮዎቹን ያስገባሉ፤ ከዚያ ቁጭ ብለው ያወሯቸዋል» አለችኝ። በየቀኑ ነው ወይ ብላት፣ በየቀኑ ነው አለች። ለምስጋና ነበር የነገረችኝ። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት የሚባለው ለእኔ ነው። የሊሊን ስልክ መልሼ ይቅርታ ጠየቅኳት፤ እስከ ማታ አላናገረችኝም።

እማዬን ለብቻዋ አገኘኋት። እንዲህ ያለ ነገር በለሆሳስ መናገር አልችልበትም፣ ታውቂኛለሽ። «ዕድሜ ልኬን በእኔ ሳትምዪ ኖረሽ፣ አንድ ቀን ብትምዪ በውሸት?» አልኳት። ትደነግጣለች ብዬ ነበር። እሷ እቴ። «ታዲያ በማን ልማል?» አለችኝ። «በየሺ ትምዪ የለም ወይ!» ብላት፣ ሞኝ እንደሚታይ አየችኝና፣ «ውሸት ነዋ። በየሺ በውሸት ይማላል?» አለች። እሷ እንደምትለው፣ አንቺ ብርድ የሚጥልሽ፣ ነፋስ የሚያስለሽ፣ ከኩፍኝም ለጥቂት የተረፍሽ ነሽና በአንቺ ውሸት ምላ መሐላው ቢደርስብሽስ? በአንቺ የምትምለው እርግጠኛ የሆነችበትን ብቻ ነው። «አንቺ ግን ምን ትሆኛለሽ፤ ሰርዶ ነሽ» አለችኝ። ቀጥላም ቀስ ብላ፣ «ያውም የደቡብ አፍሪካ» አለች።

ሳቄ መጣ፤ ዋጥ አደረግኩት፣ ምክንያቱም ለቅሶዬም አብሮ መጥቶ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ይቺን ነገር ሙገሳ ናት ወይስ ስድብ እያልኩ ሱቅ ውስጥ ባልዲ ስደረድር አስባታለሁ። ሰርዶ ጠንካራ ነው፣ እሺ። ግን ሰርዶን ማን አጥር ይሠራለታል? ይረገጣል፣ ይጫራል፣ ይነቀላል፣ እሱ እንደሆነ አይሞትም ይባላል። አንቺ ሳል ሲይዝሽ ቤቱ ሁሉ ይደነግጣል፤ እኔ ሲያመኝ «እንቁ? ትነሣለች» ነው። ይሄንኑ አልኳት። «እማዬ፣ ሰርዶም እኮ ይጠማዋል» አልኳት። ዶሮዎቹን ለምን እንዳስገባቻቸው ስጠይቃት፣ «ሁላችሁም ትወጣላችሁ። ቀኑን ሙሉ ሽቦ ሳይ ልዋል?» አለች።

ከዚያ ወዲህ ከሰዓት በኋላ ሱቁን ለምታግዘኝ ልጅ ትቼ ቶሎ መግባት ጀመርኩ። ሁለታችን ሆነን የተጫረውን ጥግ መልሰን ተከልን፤ እያንዳንዱ ሥር ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ ጫንን፣ የአጥሩን ሥር ለጠጅ ሳር ለቀቅን፣ ለዶሮዎቹም አፈር የሚታጠቡበት አንድ ጥግ አመድ አፍስሰን ሰጠናቸው። ጳጉሜ ላይ ሽቦውን አነሣነው። አሁን ዶሮዎቹ ሲርመሰመሱበት ይውላሉ፤ ጫፍ ጫፉን ይቀነጥቡታል፣ ይጭሩታል፣ እሱ ወደ ጎን ይሄዳል እንጂ አይለቅም። ባለፈው እሑድ እማዬ እግሯን ዘርግታ ተቀመጠችበት። «ልክ እንደ የሺ ደጅ» አለች። አልዋሽሽም፣ ያኔም ቀናሁ። ያንን ሁሉ ለፍቼ፣ አጎንብሼ፣ ዋሽቼ፣ መጨረሻዬ ያንቺ ደጅ ሆነ።

ነገ ጠዋት ትነሣለች። ዶሮዎቹን ትወስጃለሽ ወይ ብላት፣ «የሺ ዶሮ አላት፤ እነዚህ ሳሩን ለምደውታል፣ ይቆዩ» አለችኝ። ይቆዩ ማለት እመለሳለሁ ማለት ነው ብዬ ሌሊቱን ስተረጉመው አደርኩ። ደግሞ መለስ እልና፣ ዶሮ ትቶ መቅረት ልጅ ትቶ ከመቅረት አይከብድም እላለሁ። ስለዚህ ፊት ለፊት ልንገርሽ። አንቺ ሜዳው አለሽ፣ ደጁ አለሽ፣ አብሮ አደጎቿ አንቺ ዘንድ ናቸው፣ መሐላውም ያንቺ ነው። መስቀሉን አብራችሁ ብሉ፣ ጠግበሽ እያት፣ እስከ ጥቅምት ብትቆይም አላኮርፍም። ከዚያ ግን እዚሁ ቅሪ አትበያት። አንቺ ቅሪ ካልሻት ትቀራለች፤ አንቺን እምቢ ብላ አታውቅም። እኔን ግን እምቢ ማለት ትችልበታለች።

እዚህ ላይ ደግሞ ድምፅሽን ከፍ አድርጊ፤ የሚቀጥለው ለሁሉም ነው።

ሳህሌን ወገብህን አደራ፣ ዘንድሮ ደመራውን ሌላ ሰው ይሸከም በይልኝ። የአማትሽን የእትዬ ወለቴን ጉልበት ሳሚልኝ፣ በረከታቸው ይድረሰኝ። ብርነሽን የላክኩላት ቀሚስ ከረዘመባት አሳጥሪላት እንጂ አታስቀምጪባት፤ እስክታድግ መጠበቅ የለባትም። ዘርጋውን ደግሞ ጉንጮቹን ሁለቱንም ሳሚልኝ። ላሚቱን ጭምር ሰላም በያት። አስፋው እጅ ይነሣል፤ ሊሊም «አክስቴን ስልክ ስታወራ ድምፁን ቀንሺው በያት» ብላለች። ሀቢባ እናታችንን ከአሁኑ ናፍቃለች፤ ጠዋት ጠዋት ሰገነቱ ላይ ስወጣ ከማን ጋር ልስቅ ነው ትላለች። እማዬ፣ ዶሮዎችሽ በእኔ ይሁንብሽ፤ ጠዋት ከፍቼ፣ ማታ ቆጥሬ አስገባቸዋለሁ። አንቺ ብቻ መድኃኒትሽን አትርሺ።

የሺ፣ ይቺን የመጨረሻዋን ደግሞ አታንብቢላት። አንቺ ዘንድ ስትሆን በማን እንደምትምል ጠይቄሽ አላውቅም፤ ፈርቼ ነው። መስቀል እስኪያልፍ ጆሮሽን ጣል አድርጊልኝ። ድንገት በእኔ ከማለች፣ ነገሩን አጣሪና እውነት ከሆነ ደውዪልኝ። ውሸት ከሆነ አትንገሪኝ፤ ግን መልሰሽ ላኪልኝ። በውሸትም ቢሆን በእኔ እየማለች እዚህ ትኑርልኝ።

እህትሽ እንቁ

ጎሮ፣ አዲስ አበባ
መስከረም 10 ቀን 2018 ዓ.ም.